የአረም መድኃኒትና የሁለት ዓመት ይርጋ

ሸኮን አልፈን ወደ ቴፒ ስንወርድ መንገድ ዳር ካለች የቡና ማሳ ውስጥ አንድ ጎልማሳ የመርጫ ፓምፑን ከጀርባው አውርዶ ተንበርክኳል። የፓምፑ አፍንጫ ተደፍኖበት ነው። በስንጥር ጎረጎረው፤ አልከፈት አለው። ነቅሎ ወደ ከንፈሩ አስጠጋና እፍ አለበት። ደገመው። ከዚያ መልሶ አጠበቀው፣ አፉን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገና ፓምፑን አዘለ። ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ወገቡ ርሷል። ጠዋት ነው፤ ፀሐይዋ ገና አልከረረችም። ያራሰው ላብ ብቻ አልነበረም፤ የፓምፑ ክዳን ያንጠባጥባል።

«ምን እየረጨህ ነው ወንድሜ?»

«መድኃኒት ነው ጋሼ።»

ከእግሩ ሥር ሁለት ባዶ ሃይላንድ ወድቀዋል። ወረቀታቸው ተልጧል። ገበያ ላይ ከትልቅ ጀሪካን እየቀዱ በሃይላንድ እንደሸጡለት ነገረኝ። «ራውንድ አፕ ነው ብለውኛል» አለ። ስንት ውሃ ላይ ስንት እንደሚጨምር ስጠይቀው የሃይላንዱን ክዳን አነሳና በጣቱ መስመር አሳየኝ፤ እስከዚህ ለቀጭን ሣር፣ ሙሉውን ለሰርዶ።

«መድኃኒት» የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀኝም። ለትኋንም፣ ለአይጥም፣ ለተምችም፣ ለአረምም የምንረጨውን ሁሉ በአንድ ስም እንጠራዋለን። የሚገድለው በሚያድነው ስም ስለተጠራ ከዘይቱና ከጨው ዕቃው ጎን አልጋ ሥር ይቀመጣል፤ እቃው ባዶ ሲሆን ደግሞ ታጥቦ ውሃ ይቀዳበታል። ይህ ዳሰሳ ስለዚያ «መድኃኒት» ነው፤ በሰው አካል ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት፣ በሌላው ዓለም ስላስነሳው ክስ፣ እና በሚዛን፣ በቴፒ፣ በማጂ ያለ ረጪ ቢታመም የአገሩ ሕግ ምን እንደሚለው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። አረም በዚህ አገር እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። ዝናቡ አብዛኛውን ዓመት አይለይም፣ መሬቱ ለም ነው፣ ሙቀቱ አለ። በገጀራ የተመነጠረ ማሳ ሳምንታት ሳይሞላው መልሶ ይለብሳል። ሰርዶና እንግጫ ከሥራቸው ካልወጡ ደግሞ መታጨዳቸው ማባዛት ነው። አዲስ የተተከለ የቡና ችግኝ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአረም ከታነቀ ዛፍ ሆኖም አይካስም። በበቃና ቴፒን የመሳሰሉ፣ በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻ የነበሩ፣ በኋላም ወደ ግል የተዛወሩ ሰፋፊ የቡና ልማቶች በቆዩባቸው ዘመናት ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከዳውሮና ከከፋ እየመጡ አረሙን በእጃቸው የታገሉት ሠራተኞች ቁጥር ስፍር የለውም። በአነስተኛ ማሳ ላይ ሸክሙ የወደቀው በሴቶችና ከትምህርት ቤት በቀሩ ልጆች ላይ ነው። ደቦ የሚወጣ ጎረቤት በየቀኑ አይገኝም። አንድ ፓምፕ ያዘለ ሰው ግን በግማሽ ቀን የቤተሰቡን የሳምንት ሥራ ይጨርሳል። ወደ ማጂ ደጋማ መሬቶች ሲወጣም ነገሩ ያው ነው፤ በጤፍና በበቆሎ ውስጥ የሚበቅለውን ቅጠለ ሰፊ አረም ጎንበስ ብሎ መንቀል ወገብ ይቆርጣል። ገበሬው ሞኝ ሆኖ አይደለም መርዙን የገዛው። አድካሚ ሥራ አቅልሎለት ነው። ይህን የማይቀበል ጽሑፍ ለረጪው የሚነግረው ነገር የለውም።

አሁን ወደ ብልቃጡ እንግባ። በአገራችን ስማቸው ከሚነሳው ሦስቱን ብቻ ልያዝ።

የመጀመሪያው ግላይፎሴት ነው። ሞንሳንቶ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1974 ራውንድ አፕ ብሎ ለገበያ ያወጣው፣ ዛሬ ግን በብዙ ኩባንያዎችና በብዙ ስም የሚሸጥ ነው። ሣሩን የሚገድለው ዕፅዋት ብቻ ያላቸውን፣ ሰውና እንስሳ የሌላቸውን አንድ የሰውነት ሥራ በመዝጋት ነው። «ሰውን አይነካም» የሚለው ዝና የመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ግላይፎሴት ብቻ አይደለም፤ ቅጠሉ ላይ እንዲጣበቅና እንዲሰርግ የሚያደርግ ሳሙና መሰል ማጣበቂያ አብሮት አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከእነዚህ ማጣበቂያዎች አንዱን እ.ኤ.አ. በ2016 ከግላይፎሴት ጋር እንዳይቀላቀል ከልክሏል።

ሁለተኛው ቱ ፎር ዲ ነው። የእህል ገበሬ በስሙ ያውቀዋል፤ እህሉን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን ስለሚያደርቅ። በቬትናም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ጫካ ያረገፈበት ኤጀንት ኦሬንጅ ግማሹ ይኸው ነበር። እዚያ ላይ ግን ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል፤ የዚያ ድብልቅ ትልቁ መዘዝ ዳይኦክሲን የተባለው ብክለት ሲሆን የመጣውም በዋናነት ከሌላኛው ግማሽ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቱ ፎር ዲን እ.ኤ.አ. በ2015 «ካንሰር ሊያስከትል ይችላል» ከሚላቸው ዝቅተኛ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል።

ሦስተኛው ፓራኳት ነው፤ ብዙ ሰው በግራሞክሶን ስሙ ነው የሚያውቀው። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ምክንያቱም የሌሎቹ ጉዳት ለዓመታት ሲያከራክር የዚህኛው ለማንም የሚያጠራጥር አይደለምና። ማርከሻ የለውም። አንድ ጉንጭ የጠጣ ሰው ሊሞት ይችላል፤ ሞቱ ደግሞ ወዲያው አይደለም። መጀመሪያ አፉና ጉሮሮው ይቆስላል፤ ኩላሊቱ ይዳከማል፤ ከዚያ ሳምባው ቀን በቀን እየጠነከረ እንደ ጠባሳ ይሆናል። አእምሮው ሳይደክም፣ ሰው እያወቀ፣ ትንፋሹ እያጠረ ይሄዳል። ትንፋሽ ላጠረው ሰው የሚቀናን ኦክስጅን መስጠት ነው፤ በፓራኳት ግን ቶሎ የተሰጠ ኦክስጅን ሳምባውን የበለጠ ያቃጥለዋል። የጤና ባለሙያ «ምን ጠጣ?» ብሎ ሲጠይቅ «መድኃኒት» ከተባለ፣ ጠርሙሱም ስም የለሽ ሃይላንድ ከሆነ፣ ይህን ከየት ያውቃል? አምራቾቹ በስህተት እንዳይጠጣ ሰማያዊ ቀለም፣ መጥፎ ሽታና የሚያስመልስ ነገር ይጨምሩበታል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ገበያ ላይ ወደ ውሃ ጠርሙስ ሲገለበጥ ዋጋው ይቀንሳል። ስዊዘርላንድ ፓራኳትን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ከገበያዋ አወጣች፤ በአውሮፓ ኅብረት ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ2007 በፍርድ ቤት ተሻረ። የሚያመርተው ፋብሪካ ግን ከዚያ በኋላም እንግሊዝ ውስጥ ለውጭ ገበያ ማምረቱን ቀጠለ። በራሳቸው ማሳ ላይ የከለከሉትን ለሌላው መላክ የሕሊና ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፓራኳት ሳይጠጣም ሌላ ጥርጣሬ ያነሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ፓራኳት የተጠቀሙ ሰዎች በፓርኪንሰን፣ ማለት እጅና እግርን በሚያንቀጠቅጠውና በሚያደርቀው በሽታ፣ የመያዛቸው ዕድል ካልተጠቀሙት በሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ አግኝቷል። በኢሊኖይ የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ተጠቃልለው የታዩት በሺዎች የሚቆጠሩ ክሶች የተመሠረቱት በዚህ ጥርጣሬ ላይ ነው።

የግላይፎሴት ክርክር ግን ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2015 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ «በሰው ላይ ካንሰር የማስከተሉ ዕድል ከፍ ያለ ነው» ብሎ መደበው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲና የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ግን አያስከትልም ወደሚለው አዘነበሉ፤ አውሮፓም በ2023 ለተጨማሪ አሥር ዓመት ፈቀደ። በ2022 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲውን የጤና መደምደሚያ በቂ ምክንያት የለውም ብሎ ሻረው። ጥናቶቹም እንዲሁ ናቸው። በአይዋና በሰሜን ካሮላይና ከ54,000 በላይ ረጪዎችን ለዓመታት የተከታተለው ትልቅ ጥናት በ2018 ባወጣው ውጤት በግላይፎሴትና ነን-ሆጅኪን ሊምፎማ በተባለው የሊምፍ ካንሰር መካከል ዝምድና አላገኘም። በቀጣዩ ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ጥናት ከሌሎች ጋር ደምረው እጅግ ብዙ የረጩትን ብቻ ነጥለው ሲያዩ አደጋው በ41 በመቶ ከፍ ብሎ አገኙት። ምርቱ ለሰው ደህና ነው ለሚሉት ወገኖች ለሃያ ዓመታት እንደ ምሰሶ ሲጠቀስ የኖረው የ2000 ጽሑፍም በኩባንያው ሰዎች እጅ መጻፉ በፍርድ ቤት ሰነዶች ከታየ በኋላ መጽሔቱ በ2025 መጨረሻ ሰርዞታል።

ሁለቱ ወገኖች የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ አይደለም። የካንሰር ኤጀንሲው የሚጠይቀው «ይህ ነገር በባሕርዩ ካንሰር ማስከተል ይችላል ወይ?» ብሎ ነው። ፈቃድ ሰጪዎቹ ደግሞ «በመለያው ላይ በተጻፈው መሠረት ቢረጭ ሰው ላይ የሚደርሰው መጠን ያሰጋል ወይ?» ይላሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው እኔ ከነርሱ የምለየው። ስሌታቸው ውስጥ ያለው ረጪ ጓንት ያጠለቀ፣ ልኩን በመለኪያ የሚሰፍር፣ ሲጨርስ የሚታጠብ ነው፤ ብዙ ጊዜም የተዘጋ ትራክተር ውስጥ የተቀመጠ ነው። በሃይላንድ ክዳን የሚሰፍረው፣ አፍንጫውን በአፉ የሚነፋው፣ ጀርባው ላይ ሲንጠባጠብበት የሚውለው የሸኮ ሰው በዚያ ስሌት ውስጥ የለም። ስለዚህ «አውሮፓ ፈቅዶታል» የሚለው መልስ ለርሱ መልስ አይደለም። ሳይንሱ እስኪስማማ ድረስ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ በዓመት አንድ ሁለቴ ለጓሮው የሚረጭ ሰው ከፍ ያለ ስጋት የለበትም፤ ለቀን ሥራ እየተቀጠረ ከማሳ ማሳ ሲረጭ የሚከርመው ግን አለበት።

በአገራችን ይህን ቀድመው ያዩ ምሁራን አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር የሆኑት የዓለምፀሐይ መኮንን ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት የእርሻ ረጪዎችን ዕውቀትና ልማድ መርምሮ የሥልጠናና የመከላከያ ልብስ ጉድለቱን አሳይቷል። ከዚያ በኋላ እነ በየነ ነጋቱ በስምጥ ሸለቆ ዝዋይ አካባቢ ባሉ አነስተኛ ገበሬዎችና በአበባ እርሻ ሠራተኞች ላይ ሰፊ ሥራ ሠርተዋል። የደቡብ ምዕራቡ ሁኔታ ግን ከስምጥ ሸለቆው ይለያል። ቴፒ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃትና እርጥብ ከተማ ናት። በዚያ ሙቀት የፕላስቲክ ሱሪና ኮት ለብሶ መርጨት በእንፋሎት ውስጥ እንደመሥራት ነው። የመከላከያ ልብሱ ቢሰጥ እንኳ እኩለ ቀን ሳይሆን ይወልቃል። ጥናቱም ጥበቃውም ይህን የአየር ጠባይ ከግምት አስገብቶ ካልተነሳ ልብሱ መጋዘን ውስጥ ይቀራል።

ስለ ቡና ስንናገር ዓለም በአንድ ወቅት እንዴት እንደነቃ ማስታወስ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢዋን አቋረጠች። ጃፓን ከዋና ገዢዎቻችን አንዷ ነበረች፤ አገር ተንቀጠቀጠ። ምርመራው ጆንያውን ጠረጠረ፤ መልእክተኞች ሄዱ፣ ላቦራቶሪ ተደራጀ። ጥሩ ተሠራ። ግን የተለካው የጃፓኑ ጠጪ ስኒ ነበር። የረጪው ደምና ሽንት በዚያው ትጋት ቢለካ ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ቁጥር በእጃችን ነበር። አሁንም አውሮፓ በቡና ፍሬ ውስጥ ያለ ግላይፎሴት በኪሎ ከ0.1 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ገድባለች። ከከፋና ከሸካ ደን የሚለቀመው የደን ቡና፣ ከዚያው ደን የሚቆረጠው ማርም የሚሸጡት በንጹሕነታቸው ነው። አንዱ የረጨው መርዝ የጎረቤቱን ስም ያጎድፋል።

ወደ ክሱ ስንመጣ ሁሉም ሰው የሰማው የካሊፎርኒያውን ነው። ድዌይን ጆንሰን በቤኒሺያ ከተማ የትምህርት ቤቶች ግቢ ተንከባካቢ ነበር። ሥራው መርጨት ነው። በዓመት ሃያ ሠላሳ ጊዜ ረጭቷል፤ የመርጫው ቱቦ ተበጥሶ ከነመከላከያ ልብሱ የራሰበት ቀን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የሊምፍ ካንሰር ተገኘበት። ነሐሴ 2018 የሳን ፍራንሲስኮ ዳኞች ጉባኤ የራውንድ አፕ አምራቹ ሞንሳንቶ አደጋውን ባለማስጠንቀቁ 289 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት። ገንዘቡ ሁለቴ ተቀንሶ በይግባኝ 20.5 ሚሊዮን ላይ ቆመ። በ2018 ሞንሳንቶን የገዛው የጀርመኑ ባየር በ2020 ወደ 100,000 የሚጠጉ ክሶችን ለመዝጋት እስከ 10.9 ቢሊዮን ዶላር እንደሚከፍል አስታወቀ፤ ጥፋት ግን አላመነም፣ ዛሬም አያምንም።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚይዘው ገንዘቡን ነው። እኔን የሳበኝ ማስረጃው ነው። ሰውየው የረጨውን ምርት በስሙ ያውቃል፤ መቼና ስንት ጊዜ እንደረጨ፣ የራሰበት ቀን የትኛው እንደሆነ ይታወቃል፤ የቆዳው ቁስል በፎቶግራፍ ተይዟል። ኩባንያውን ያሸነፈው ከንዴቱ ይልቅ ይህ ዝርዝር ይመስለኛል።

የእኛ ሰው ወደዚያ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል ወይ? በሩ ጠባብ ነው። በኤጀንት ኦሬንጅ ጉዳይ የአሜሪካ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1984 በ180 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ፤ የቬትናም ተጎጂዎች በኒውዮርክ ያቀረቡት ክስ ግን በ2005 ውድቅ ሆነ። የኮስታሪካ የሙዝ እርሻ ሠራተኞች፣ በሌላ የእርሻ ኬሚካል መካን ሆነናል ብለው፣ ቴክሳስ ውስጥ የመክሰስ መብታቸውን በ1990 በግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስከበሩ፤ ምክር ቤቱ በ1993 ሕጉን ቀይሮ ያንኑ በር አጠበበው። ተጎጂው ማሳው ባለበት አገር ይሟገት የሚለው ሐሳብ በአሜሪካ ዳኞች ዘንድ ጠንካራ ነው።

ለኛ የበለጠ የሚጠቅመን የፈረንሳይ መንገድ ይመስለኛል። ምክንያቱም የ1952 ዓ.ም.ቱን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ አስተሳሰቡ ይቀራረባል። ፖል ፍራንሷ የተባለ የእህል ገበሬ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2004 የመርጫውን ታንከር ከፍቶ ሲያይ የሞንሳንቶን ላሶ የተባለ ፀረ አረም ትነት ሳበ፤ ራሱን ሳተ፣ ከዚያም ለዓመታት ነርቩ ታወከ። በ2007 ከሰሰ፤ በ2012 ሊዮን ላይ ረታ፤ የመጨረሻው ድል በሰበር በ2020 መጣ። ካሳው በ2022 ሲወሰን 11,000 ዩሮ ገደማ ብቻ ሆነ። አሥራ አምስት ዓመት ተሟግቶ! አሳዛኝ ነው። ሆኖም ከርሱ ክስ ጎን ለጎን የገበሬ ማኅበራት ሌላ ነገር አስገኙ፤ ፈረንሳይ በ2012 ፓርኪንሰንን፣ በ2015 ነን-ሆጅኪን ሊምፎማን በፀረ ተባይ ምክንያት የሚመጡ የእርሻ ሠራተኞች የሥራ በሽታዎች ብላ በሠንጠረዥ አሰፈረች። የተወሰነ ዓመት የረጨ ሰው በሽታው ከተገኘበት «ከየት መጣ?» ተብሎ አይሟገትም፤ ከሥራው እንደመጣ ይገመትለታል። በ2020 ደግሞ ለተጎጂዎች የካሳ ፈንድ ቆመ። ፍራንሷ ለብቻው በአሥራ አምስት ዓመት ያላገኘውን ሠንጠረዡ ለብዙዎች ያለ ጠበቃ ሰጠ።

ይህ ሠንጠረዥ በኛ ሕግ ውስጥም ቦታ አለው፤ እዚህ ላይ ነው የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን፣ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በሥራ ምክንያት ለሚመጣ በሽታ ኃላፊ ነው ይላል። በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎች ዝርዝርም በመመሪያ እንዲወጣ ያዛል፤ በዝርዝሩ የተጻፈ በሽታ በተጻፈው ሥራ ላይ በነበረ ሠራተኛ ላይ ከታየ እንደ በቂ ማስረጃ ይቆጠራል። ስለዚህ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ለዓመታት በቡና ልማት ውስጥ የረጨ ሰው የሳን ፍራንሲስኮ ዳኞች አያስፈልጉትም። የሚያስፈልገው በዚያ ዝርዝር ውስጥ «ፀረ አረም መርጨት» ከሚለው ሥራ ፊት ለፊት ፓርኪንሰንና ነን-ሆጅኪን ሊምፎማ መጻፋቸው ነው። ይህ የአንድ መመሪያ ጥቂት መስመር ነው። አሠሪው የሚያነሳውን መከራከሪያም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፤ ሕጉ ግልጽ የደህንነት መመሪያን አውቆ የጣሰ ሠራተኛን አይክስም፤ «ልብሱን ሰጥተነው አልለበሰም» ይባላል። በቴፒ ሙቀት የማይለበስ ልብስ መስጠት ግዴታን መወጣት ነው ወይ የሚለውን ዳኛ ሊመረምረው ይገባል።

የራሱን ማሳ የሚረጨው ገበሬ ግን አሠሪ የለውም። ለርሱ የቀረው ከውል ውጪ ኃላፊነት የሚባለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ክፍል ነው። አንቀጽ 2069 መርዛም ነገር በመጠቀም ወይም በማከማቸት ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል ይላል። ነፋስ ወስዶት የጎረቤቱን እንሰት ያጠወለገ፣ ቀፎውን ያራቆተ፣ የምንጭ ውሃ የበከለ ረጪ ከዚህ አንቀጽ አያመልጥም። አንቀጽ 2085 ደግሞ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ ያቀረበ አምራች ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ቆንጆ አንቀጽ ነው። ግን አምራቹ ማን ነው? ሃይላንዱ ላይ ስም የለም። ከጀሪካን ወደ ሃይላንድ የተቀዳ ዕለት የሟሟው መርዝ ብቻ አልነበረም፤ ተከሳሹም አብሮ ሟሟ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበና በአግባቡ መለያ ያልተለጠፈበት ምርት እንዳይሸጥ የሚከለክለው ለዚህም ጭምር ነው። ሰው ይህን የቢሮ ወግ ይመስለዋል። ነገ በችሎት የሚቆም ሰው ብቸኛ ምስክር ያ ወረቀት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው አንቀጽ 2143 ነው። ተጎጂው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ በይርጋ ይታገዳል። በመኪና ለተገጨ ሰው ሁለት ዓመት በቂ ነው። የሊምፍ ካንሰርና ፓርኪንሰን ግን ከዓመታት፣ ብዙ ጊዜም ከአሥር ዓመት በላይ በኋላ ነው የሚታዩት። ጉዳቱ «ደረሰ» የሚባለው መርዙ ጀርባውን ያራሰው ቀን ነው ወይስ ሐኪሙ የበሽታውን ስም የነገረው ቀን? ቀኑ ከመጀመሪያው ከተቆጠረ ሁሉም ረጪ መታመሙን ሳያውቅ መብቱን አጥቷል። እኔ ሁለተኛው ነው ትክክለኛው ብዬ አምናለሁ፤ ያልታየ በሽታ ሊከሰስበት አይችልምና። የሰበር ሰሚ ችሎት ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል፤ ስለዚህ በዚህ ነጥብ ላይ የሚሰጥ አንድ ውሳኔ ከሚዛን እስከ መተማ ላለ ረጪ ሁሉ ይደርሳል።

ለጋራ ጉዳት ሌላ በር አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ማንም ሰው፣ በግሉ ባይጎዳም፣ በበካይ ላይ አቤት ማለት ይችላል ይላል። በዚህ በር የገባ ድርጅት ነበረ፤ አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል የአቃቂንና የሞጆን ወንዞች ብክለት ይዞ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሰሰ፤ ክሱ ተቀባይነት አላገኘም። ቢሆንም ከርሱ የሚወሰድ ትምህርት አለ። የተከሰሰው ተቆጣጣሪው እንጂ በካዩ አልነበረም። ነገ ስለ ጋጨብ ወንዝ ወይም ስለ ሌላ ውሃ አቤት የሚል ሰው በመጀመሪያ መርዙን የረጨውን ማሳ ይለይ፣ ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ ያስመርምር።

ይህ ሁሉ መንገድ ወደ አንድ ነገር ይመልሰናል፤ ወደ ጽሑፍ። አንድ ገበሬ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ወይም ሌላ ጤና ተቋም ሲመጣ ካርዱ ላይ ሥራው «ገበሬ» ተብሎ ካለፈ ከአሥር ዓመት በኋላ ያ ካርድ አይረዳውም። «ይረጫሉ? ምን? ከመቼ ጀምሮ?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ከተጨመሩ ግን ካርዱ ማስረጃ ነው፤ ተመራማሪም ዳኛም ይጠቀምበታል። ለዚህ ማሽንም በጀትም አይጠየቅም። የግብርና ልማት ሠራተኛውም ማዳበሪያ ሲያከፋፍል እንደሚመዘግበው ሁሉ የተረጨውን ቢመዘግብ፣ አሠሪውም ለቀን ሠራተኛው የረጨበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ቢሰጠው፣ ይርጋው ከየት እንደሚቆጠር እንኳ ለመከራከር መነሻ ይኖራል።

መንገድ ዳር ያገኘሁትን ሰው ከመለየቴ በፊት ይህንኑ ጠየቅሁት። መርጨት የጀመርከው መቼ ነው? አሰበ። ዓመተ ምሕረቱን አያስታውስም።

«ልጄ አንደኛ ክፍል የገባች ጊዜ ነው» አለኝ። «ለደብተር መግዣ ብዬ ነበር የሰው ማሳ መርጨት የጀመርኩት።»

«አሁን ስንተኛ ናት?»

«ስምንተኛ።»

ሰባት ዓመት ረጭቷል፤ መዝገቡ የልጁ ክፍል ነው። ከማስታወሻዬ ገጽ ቀድጄ እስክሪብቶ ሰጠሁት። አልተቀበለኝም፤ እጁ ርጥብ ነበር። ማታ እርሷ ትጻፈው አለና ወረቀቱን ብቻ አጥፎ ከኮፍያው ጨርቅ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ከወደቁት ሃይላንዶች አንዱን አንስቶ አገላብጦ አየው።

«ስሙንስ ምን ትበል?» አለኝ።

ጠርሙሱን ተቀብዬ አሸተትኩት፤ ወደ ፀሐይም ይዤ አየሁት። ምን እንደነበረ ልነግረው አልቻልኩም።